ኮልጌት የሚቀበለው ዲስክ

ሸምሱን በደንብ አላውቀውም። ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ይመስለኛል። መካኒሳ ውስጥ በሱቁ ደጅ አሥራ አንድ ዓመት አልፌያለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተነጋገርነው ቢሰበሰብ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያስጨርስ አይሆንም። "እንዴት አደርክ?" "አልሃምዱሊላህ፤ አንተስ?" እንባባልና ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። ስለ እሱ ለመጻፍ ከእኔ የሚቀርቡ ሰዎች አሉ። ግድግዳ የሚጋራው ፀጉር አስተካካይ ሁንዴሳ አለ፤ ባለቤቱ መርዋ አለች። እነሱ ግን አይጽፉም። እኔ ደግሞ ባለፈው ጥቅምት እዚያች ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልሆነልኝም። ያጎደልኩት ወይም ያጣመምኩት ካለ ስህተቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል። መጀመሪያ "የቪዲዮ ካሴት እናከራያለን" ይል ነበር፤ በዚያ ላይ "ዲቪዲ" ተጻፈበት፤ አሁን ደግሞ "ፊልም በፍላሽ እንጭናለን፣ የድሮ የሠርግ ካሴት እንገለብጣለን" ይላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው የታችኞቹ ፊደላት ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላሉ። ሸምሱ አምሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጠን ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። ወራቤ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አጎቱ ሱቅ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ የሚታይና የሚሰማ ነገር ማከራየት፣ መጠገንና መገልበጥ ነው።

ከባንኮኒው ኋላ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ነጭ ዳንቴል የለበሰ አንድ ትልቅ ዴክ ተቀምጧል። ዳንቴሉን የሠራችው መርዋ ናት። ሁንዴሳ ለዚህ ዴክ "ሙሽራዋ" የሚል ስም አውጥቶለታል። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዋኑን እየቆለፈ በሩ ላይ ብቅ ይልና፣

"አንተ ሸምሱ፣ ሙሽራዋ ዛሬም አልወጣችም?" ይለዋል።

"አጃቢዎቿ አልመጡም" ይላል ሸምሱ፣ ቀና ሳይል።

"አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ? ሸብታ እንዳትጠብቅህ!"

እኔም በዚያ ሳልፍ እስቅ ነበር። ከዳንቴሉ ሥር ያለው ዴክ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር፤ ጠይቄም አላውቅም ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከአሮጌ ስልኬ ላይ ፎቶዎች ወደ ፍላሽ ላስገለብጥ ገባሁ። ሸምሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሠራ አንዲት ሴት መጣች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ከጎፋ በታክሲ ነው የመጣችው። ዝማሬ እባላለሁ አለች። ከቦርሳዋ በመሃረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና መሃረቡን ገለጠችው። ውስጡ አንድ ዲስክ ነበር፤ ክፉኛ ተጫጭሯል።

"ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ ያልታየ ነገር ያሳያሉ ብለው ነው የላኩኝ። አምስት ቦታ ወስጄዋለሁ። አንዱ ባዶ ነው አለኝ፤ አንዱ ሞቷል አለኝ። አንዱ ደግሞ ብሉ ሬይ ይሆናል ብሎ የብሉ ሬይ ዴክ ከጓደኛው ለምኖ ሞከረልኝ። እሱም አላነበበውም።"

ሸምሱ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ዲስኩን በሁለት ጣት፣ ጠርዝና ጠርዙን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። መሀሉ ላይ፣ ቀዳዳውን ከብቦ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ባዶ ነው እንዴ?" አለች ዝማሬ።

"ማን ነው ይህንን የሰጠሽ፣ ልጄ?"

ነገሩን ያጫወተችን ያኔ ነው። አባቷ ወጋየሁ ጎፋ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይመራ ነበር። በሥራው የፋብሪካ መካኒክ ነው። የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የአዲስ ዓመት በዓል ሲደርስ፣ እሱ የሚሠራበት ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ጃፓናዊ እንግዳ ነበር። ወጋየሁ እንግዳው በዓሉን ብቻውን እንዳይውል ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዞት ሄደ። እንግዳው ካሜራ ይዞ መጣና መዘምራኑን ሲዘምሩ ቀረጻቸው። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ይህንን ዲስክ በፖስታ ላከላቸው። ቤታቸው ባለው ዴክ ቢያስገቡት አልሠራም። የጎረቤትም ዴክ ላይ አልሠራም። ሰውየው በስህተት ባዶ ላከልን ብለው ሳጥን ውስጥ አኖሩት። በዓመቱ ወጋየሁ ታሞ ሞተ።

"የመዘምራኑ ካሴት ወጥቶ አያውቅም?" አለ ሸምሱ።

"ሊያወጡ ሲያስቡ ነው አባቴ የሞተው። ድምፁ ያለው ካለ እዚህ ላይ ብቻ ነው።" ጣቷን ወደ ዲስኩ ቀሰረች፤ አልነካችውም። "ወንድሜ ኤልያቄም ያኔ ገና የዓመት ተኩል ልጅ ነበር። አሁን እሱም ይዘምራል። ትልልቆቹ ድምፅህ የአባትህ ነው ይሉታል። እሱ ደግሞ ቤት ይመጣና፣ የማላውቀውን ሰው እንዴት ነው የምመስለው ይለኛል። እኔ ደግሞ..." ወደ እኔ አየች። ልወጣ ተነሣሁ፤ እሷ ግን ቀጠለች። "እኔም ረስቼዋለሁ። ፊቱ ፎቶ ላይ አለ። ድምፁ ግን ከጆሮዬ ጠፋ። ይህንን ለኤልያቄም አልነገርኩትም።"

ሸምሱ ተነሥቶ ወደ ዴኩ ሄደ። ዳንቴሉን በአራት ማዕዘኑ ይዞ ቀስ አድርጎ ገፈፈውና አጣጥፎ አስቀመጠው። ሥሩ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ከባድ ዴክ ነበር። አቧራ የለበትም። ሶኬቱን ሰካ፣ ቁልፉን ተጫነ። ምንም የሆነ ነገር የለም።

"ጠብቂ" አለ። "እሱ ሲነቃ እንደ ሽማግሌ ነው። አንድ ደቂቃ ይፈጃል።"

እውነትም አንድ ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ውስጡ አንድ ነገር አጉረመረመና መሳቢያው ወጣ። ሸምሱ "ቢስሚላህ" ብሎ ዲስኩን አስቀመጠ። መሳቢያው ገባ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር እንደሆነ ቆየ። በኋላ ድንገት ሥዕል መጣ፤ ነጭ የመዘምራን ልብስ፣ የአንድ ሰው ትከሻ፣ ከኋላ የተከፈተ መስኮት። ጥርት ያለ ነው፤ የልብሱ ስፌት ሳይቀር ይታያል። ሥዕሉ ግን አልተንቀሳቀሰም። ድምፅም የለም። ትከሻው እንደዚያው ቆሞ ቀረ።

"አባዬ ነው" አለች ዝማሬ።

ሸምሱ ሦስት ጊዜ አስወጥቶ አስገባው። ሦስት ጊዜም ትከሻው ላይ ቆመ።

"ስሚኝ" አላት። "ዲስክሽ ባዶ አይደለም። አልሞተምም። ጭረቱ ነው መንገድ የዘጋበት። ቅዳሜ ይዘሽው ነይ። እስከዚያ ከመሃረቡ አታውጪው፣ ለማንም አትስጪው። እኔም ዛሬ አልነካውም።"

"ቅዳሜ ምን ሊያደርጉት ነው?"

"እስከ ቅዳሜ ነው የማውቀው፣ ኢንሻአላህ።"

እሷ ከሄደች በኋላ የእኔ ፎቶዎች ተረሱ። እኔም አላስታወስኩትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍሬ እወጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን አፍ አውጥቼ፣ "ሌሎቹ ያላነበቡትን ይሄኛው እንዴት አነበበው?" አልኩት። ሸምሱ ለአሥራ ሰባት ዓመት ጥያቄውን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወንበር ሳበልኝ።

የነገረኝን በገባኝ መጠን እጽፈዋለሁ። ዲቪዲ የሚነበበው በቀይ ብርሃን ነው። ቀይ ብርሃን እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ነው፤ ደብተሩ ቶሎ ይሞላል፤ አራት ጊጋ ከምናምን ይይዛል። ከዚያ ጥርት ያለ ሥዕል ለሚያሳይ ፊልም ያ አልበቃ ሲል በሰማያዊ ብርሃን የሚነበብ መጣ። እሱ ቀጭን እስክሪብቶ ነው፤ በዚያው ደብተር ብዙ ይጽፋል። ችግሩ፣ ሠሪዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኞቹ ኤችዲ ዲቪዲ የሚባለውን አወጡ፤ ሌሎቹ ብሉ ሬይን። መጠናቸው እኩል፣ ብርሃናቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ግን በሌላው ዴክ አይነበብም። የዝማሬ ዲስክም ሙሽራዋም ኤችዲ ዲቪዲ ናቸው።

"ለምን?" አልኩ።

"ጽሑፉ ያለበት ቦታ ይለያያል።" ከኪሱ መታወቂያውን አወጣ። "ይህ ብሉ ሬይ ነው በለው። ጽሑፉ እላይ ነው፤ የሚጠብቀው ይህቺ ስስ ላስቲክ ብቻ ናት። ኤችዲ ዲቪዲው ደግሞ እንደዚያ ነው" ብሎ ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ የአጎቱን ፎቶ አሳየኝ። "ጽሑፉ ከመስታወቱ ሥር ነው፤ ልክ እንደ ዲቪዲው። ቅርቡን እንዲያይ የተሠራ ዓይን ጥልቁን አያይም። የእኔን መነጽር አድርገህ ታክሲ ለመጥራት ብትሞክር ማለት ነው።"

"ታዲያ የትኛው ይሻላል?"

"በመያዝ ብሉ ሬይ ይበልጣል። ኤችዲው በአንድ ንጣፍ አሥራ አምስት ጊጋ፣ ብሉ ሬይ ሃያ አምስት። ሥዕላቸውን ግን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጥልኝ እኔ አልለይም። በሌላ ነገር ኤችዲው ይሻል ነበር፤ ብሉ ሬይ ዓለምን ለሦስት ከፍሎ የአንዱ አገር ፊልም በሌላው ዴክ እንዳይታይ ማድረግ ይችላል። ኤችዲው እንዲህ ያለ አጥር የለውም። ከጃፓን ይምጣ ከየትም ይምጣ፣ ያሳይሃል።"

ሸምሱ ያንን ዴክ የገዛው በ1999 ክረምት መግቢያ፣ ከአጎቱ ጋር ዕቃ ሊያመጡ ዱባይ በሄዱ ጊዜ ነው። ያኔ ፊልም ያከራይ ነበር። የሚያከራይ ሰው ጠላቱ ጭረት ነው። ዲስክ አንዱ ቤት በሹካ ሥር፣ ሌላው ቤት በሕፃን እጅ አድሮ ይመለሳል። እሱ ደግሞ መድኃኒቱን ያውቃል፤ የጥርስ ሳሙና ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው ቪዲዮ ቤት ሁሉ ይህንን ያውቅ ነበር፤ ጥጥ ጨርቅ ላይ ትንሽ ኮልጌት አድርጎ ከመሀል ወደ ዳር ማሸት፤ ዙሪያውን ግን አለማሸት። ሸምሱ በዚህ እጁ የተመሰከረለት ነበር። ከሳሪስ ድረስ ዲስክ ያመጡለታል።

ዱባይ፣ ዴይራ ገበያ ውስጥ ሁለቱ ዴኮች ጎን ለጎን ተደርድረው አገኛቸው፤ የኤችዲ ዲቪዲው ፊልሞች በቀይ ክዳን፣ የብሉ ሬዩ በሰማያዊ ክዳን። ሻጩን የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሥዕል ጥራት አልነበረም። "የትኛው ነው ኮልጌት የሚቀበለው?" ነበር።

"ቋንቋ አልተግባባንም" አለኝ ሸምሱ እየሳቀ። "በጣቴ እንዲህ እንዲህ አድርጌ ባሳየው፣ ጥርሱን ያመመው መሰለው መሰለኝ፣ ከሱቁ ወጥቶ ፋርማሲ አሳየኝ። ኋላ አንድ የመናዊ መጣና በዓረብኛ ተግባባን። ካርቶን ላይ ሥሎ አስረዳኝ። የሰማያዊው ጽሑፍ እላይ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠንካራ ቅብ ቀብተውታል፣ በቀላሉ አይጫርም፤ ከተጫረና ካሸኸው ግን ጽሑፉን ነው የምትበላው አለኝ። የቀዩ ጽሑፍ ከታች ነው አለኝ። እኔ ደግሞ መካኒሳን አውቃለሁ። የማይጫር ዲስክ አላህ አልፈጠረም። ቀዩን ገዛሁ።"

ዴኩንና ቀይ ክዳን ያላቸውን ሦስት ፊልሞች ይዞ መጣ። ለበዓሉ ሰፈሩን ጉድ ሊያሰኝ አስቦ ነበር። ዴኩን ከሃያ አንድ ኢንች ወፍራም ቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኘው ግን ሥዕሉ እንደ ድሮው ሆነ። ጥራቱን ለማየት ጥራቱን የሚያሳይ ቴሌቪዥን ያስፈልግ ኖሯል። ያ ቴሌቪዥን ሳይመጣ፣ በየካቲት 2000፣ የቀዩ ሠሪዎች ራሳቸው ከእንግዲህ አንሠራም ብለው አቆሙ። የፊልም ኩባንያዎቹ ወደ ሰማያዊው ሄደው ነበር። የሰፈሩ ሰው ይህንን ሲሰማ፣ ሸምሱ በዱባይ ሙሉ ከሁለት አንዱን ምረጥ ተብሎ የሚሞተውን መረጠ እያለ ሳቀበት። ሁንዴሳም ስሙን ያወጣው ያኔ ነው።

"ከሁሉ የቆጨህ ምኑ ነው?" አልኩት።

"ሳልሞክረው መቅረቴ።"

አልገባኝም ነበር። አስረዳኝ። ዴኩ ያለው ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ፊልሞቹን የሚከራይ ሰው አልነበረም። የሚከራያቸው ስላልነበረ የጫራቸው የለም። ያልተጫረ ዲስክ ደግሞ ኮልጌት አይፈልግም። እናም አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የመረጠበት ምክንያት እውነት ይሁን ውሸት ሳያውቅ ኖረ። ዲቪዲ ኮልጌት ሲቀበል በዓይኑ አይቷል። ኤችዲው ግን ጽሑፉ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ለዲቪዲ የሚበቃ ማሸት ለእሱ ላይበቃ ይችላል፤ ወይም ይበልጥ ሊያበላሸው ይችላል።

"እና ቅዳሜ የልጅቷን ዲስክ ልታሸው ነው?"

"በሰው አባት ላይ አልማርም" አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ እግሬ ራሱ ወደ ሱቋ ወሰደኝ። መርዋ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራለች። ሸምሱ ቀይ ክዳን ያላቸውን ሦስት ፊልሞች ፊት ለፊቱ ደርድሯቸዋል። ሁንዴሳ መቀሱን እንደያዘ በር ላይ ቆሟል።

"የትኛውን?" አለ ሸምሱ።

"ምን ልታደርገው?" አለች መርዋ።

"ልጭረው።"

"አንድ ጣት ያላስነካኸንን? ልጆቹ እንኳ በሩቅ እያዩ ነው ያደጉት!"

"ለልጅቷ ነው አልኩሽ እኮ።"

"ሰምቻለሁ። የዓሣውን አድርገው" አለች መርዋ። የባሕር ውስጥ ፊልም ነው፤ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ከተገዛ ወዲህ በየዒዱ ያዩታል። "ከሦስቱ የምንወደው እሱን ነው። የማንወደውን ብትጭር ልብህ አይጠነቀቅም።"

ሁንዴሳ ሳቀ። "እውነቷን ነው። እኔም መላጨት የተማርኩት በታናሽ ወንድሜ ራስ ነው። የባዳ ቢሆን ጆሮውን እቆርጥበት ነበር።"

ሸምሱ ምስማር አነሣ። ዲስኩ ላይ አስጠጋው። እጁ ሄዶ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው። መርዋ ዳንቴሏን አስቀመጠች፣ ዲስኩን ከእጁ ወሰደች፣ በኪሮሹ ጫፍ ሁለት ጊዜ ጭርር አደረገችውና መለሰችለት።

"ኧረ ጉድ!" አለ ሁንዴሳ።

"በቃ። ሥራህን ሥራ" አለችው።

ዴኩ ውስጥ ሲገባ ዓሣዎቹ ትንሽ ዋኝተው ቀጥ አሉ። ሸምሱ አውጥቶ ንጹሕ የካናቴራ ቁራጭ ላይ አተር የምታህል ኮልጌት አኖረ። ማሸት ጀመረ፤ ከመሀል ወደ ዳር፣ ከመሀል ወደ ዳር። ያጥባል፣ ያደርቃል፣ በብርሃን ያያል፣ ደግሞ ያሻል። ያንን ያህል ትዕግሥት በሰው እጅ ላይ አይቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ዴኩ እምቢ አለ። በሦስተኛው፣ ያቺ የመጠበቂያ ደቂቃ ካለፈች በኋላ፣ ዓሣዎቹ ከቆሙበት ቦታ ደርሰው፣ ትንሽ ተንቀጥቅጠው፣ አልፈው ዋኙ።

ሁንዴሳ ወንበር ላይ ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ትቶ እንደመጣ ትዝ ብሎት ሮጠ።

ቅዳሜ ዝማሬ ኤልያቄምን አስከትላ መጣች። ረጅም፣ አንገቱን የሚደፋ ወጣት ነው። ሸምሱ ከሁሉ በፊት አስቀምጦ ነገራቸው።

"በራሴ ዲስክ ሞክሬዋለሁ፤ ሠርቷል። የእናንተ ግን በቤት ውስጥ የተቀዳ ነው፤ የእኔ ከፋብሪካ የወጣ ነው። አንድ ዓይነት አይደሉም። የእናንተው የባሰም ተጭሯል። ሊበላሽ ይችላል። አትንካው ካላችሁኝ አልነካውም፤ ባለበት ይቀመጣል።"

ኤልያቄም እህቱን አየ። ዝማሬ ዲስኩን ከመሃረቡ አወጣች።

"ሳጥን ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጧል" አለች። "መቀመጡን ጠግቧል። ይሞክሩት፣ ጋሽ ሸምሱ።"

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ደንበኛ ሲመጣ መርዋ "ዛሬ አይመችም፣ ማታ ና" እያለች ትመልሳለች። ኤልያቄም መጀመሪያ ቆሞ ያይ ነበር፤ ኋላ ደጅ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዝማሬ ከሸምሱ እጅ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ሲያጥበው ውኃ የምታፈስለት እሷ ናት።

በመጨረሻ ዲስኩን ጠርዙን ይዞ አየው። "ከዚህ በላይ ካሸሁት እፈራለሁ" አለ። መሳቢያው ላይ አኖረው። "ቢስሚላህ" አለ እሱ። "በኢየሱስ ስም" አለች ዝማሬ ከአጠገቡ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ያቺ ደቂቃ ረዘመች። መብራት እንዳይጠፋ የለመንኩት እኔ ብቻ አልመሰለኝም።

ትከሻው መጣ። ያው ነጭ ልብስ፣ ያው መስኮት። ቆመ። ከዚያ ትከሻው ተንቀሳቀሰ። ሰውየው ዞረ፤ ጢሙን የተላጨ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ የኤልያቄም ዓይን ያለው ሰው። እጁን ወደ ካሜራው ዘረጋና፣

"ዝማሬ! ዝማሬ፣ ከእንግዳው ፊት ዞር በይ እንጂ! ልጅቷን ያዙልኝ እስቲ!" አለ።

አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ በካሜራው ፊት እየሳቀች ሮጣ አለፈች።

"እሺ አባዬ" አለች ዝማሬ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአፏ አምልጧት ነው፤ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያም ሳቅ ቀደማት። መርዋም ሳቀች። ኤልያቄም ከደጅ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

መዘምራኑ ጀመሩ። ወጋየሁ መጀመሪያ በእጁ ብቻ ይመራቸው ነበር፤ በሁለተኛው አዝማች ላይ የራሱን ድምፅ ጨመረ። እኔ ስለ መዝሙር የማውቀው የለም። ወፍራምና ትንሽ ሻከር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበር። ከኋላዬ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ኤልያቄም አፉን ሳይከፍት ከሥር ከሥር እያዜመ ነው። ሁለቱን ድምፆች ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ቪዲዮው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። በሦስት ቦታ ይንቀጠቀጣል፤ በአንድ ቦታ ለአፍታ ጨልሞ ይመለሳል። ዲስኩ እየተጫወተ ሳለ ሸምሱ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠው፣ ከዚያም ወደ ሦስት ፍላሽ፤ አንዱን ለዝማሬ፣ አንዱን ለኤልያቄም፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያኗ። ዲስኩን በባዶ ቀይ ክዳን ውስጥ አድርጎ ሰጣቸው። ክዳኑ የዓሣው ፊልም ነበር።

"የዓሣውስ?" አለች ዝማሬ።

"ዓሣው ዴኩ ውስጥ ይኖራል፤ ውኃውን ለምዷል" አላት መርዋ።

ዝማሬ የሸምሱን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ "ጌታ ይባርክዎት። ለዛሬ ብሎ ነው ይህንን ዴክ ያስገዛዎት" አለችው። ሸምሱ "አሚን፣ አሚን" እያለ እጁን ሊያስለቅቅ ሲታገል ሁንዴሳ በበሩ ብቅ አለ።

"ወጣች እንዴ ሙሽራዋ?"

"ወጥታለች" አለች መርዋ። "ጎፋ ድረስ ሸኝተናታል።"

"እልል ልበል?"

"ፀጉርህን አስተካክል ሂድ!" አለው ሸምሱ፤ ፊቱ ግን ያበራ ነበር።

ሁሉም ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ፎቶዎቼን አስታውሼው ሊገለብጥልኝ ተቀመጠ። መርዋ ከጎን ካለው ሻይ ቤት ሦስት ሻይ አመጣችና ዳንቴሏን አንሥታ ቀጠለች። ዴኩ እንደተገፈፈ ነበር፤ ማንም አላለበሰውም። ብሉ ሬይም ቢሆን ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ የሚጠይቀው የለም፤ ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል። አሸናፊውም ተሸናፊውም አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተዋል ብዬ አሰብኩ። ይህንን ግን አልተናገርኩትም። ሌላ ነገር ነበር የፈለግሁት፤ ሻዬን እስካጋምስ ድፍረት ስሰበስብ ቆየሁ።

"ሸምሱ" አልኩት በመጨረሻ። "እንግዲህ ያኔ ዱባይ ላይ ተሳስተህ ነበር፣ ወይስ አልተሳሳትክም?"

መርዋ ኪሮሹን አቁማ አየችው። እሷም መልሱን ትፈልገው እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ሸምሱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ዴኩን አየ። ፍላሼን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ሰጠኝና ወደ ባንኮኒው ጫፍ በአገጩ አመለከተኝ።

"ያቺን ኮልጌት ክደናት፣ አባይነህ" አለኝ። "ትደርቃለች።"

ከደንኳት።